ኡኡ አትበሉ

ሰኔ 2 ቀን 1990
ጤና ጣቢያ ዋልኩ። ሁለት ወባ፣ አንድ የዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት የጫሞ ሐይቅ አጥማጅ። ቤት ስገባ ወንድሜ አጵሎስ ከአልጋው አልተነሳም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ዛሬም "ወባ ነው" አልኩ። የአራት ወር ወባ... ማን ያምናል? ኤድስ ነው ብል ደግሞ ውሃ የሚያቀብለው ይገኛል?

ሰኔ 7
እሑድ። ከአዲስ አበባ የመጣ ዶክተር ለእድራችን ስለ ኤድስ አስተማረ። ወደ ጋሞኛ አስተርጓሚዋ እኔ። "ቫይረሱ ራሱ ከሚገድላቸው የደም ወታደሮች ይልቅ፣ ሳይነካቸው በከንቱ ተረብሸው የሚያልቁት ይበዛሉ። ጦጣ ግን የራሷን ተመሳሳይ ቫይረስ ይዛ ትኖራለች፤ ወታደሮቿ ስለማይረበሹ አትታመምም" ይላል። ይህን እንዴት ልበለው? ጨነቀኝ።
"ሌባ አንዲት ዶሮ ይወስዳል፤ ኡኡ ሲባል የወጣው ሰፈርተኛ ግን እንሰቱን ሁሉ ረግጦ ይጨርሳል። ጦጣ ቤት ሌባ ቢገባም ኡኡ የሚል የለም" አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ኮራሁ።

ሰኔ 10
ኮራሁ ብዬ ነበር? የእድራችን ዳኛ ጋሽ ኦይታ ጤና ጣቢያ ድረስ መጡ። ዝንጀሮ የበቆሎ እሸታቸውን ግማሹን በልቶት ሄደ። ሰፈሩ በየበሩ ቆሞ፣ ጭጭ ብሎ ሲያይ።
"አንተ ነህ ኡኡ አትበሉ ያልከው።" (ሲናደዱ ወንድ ያደርጉኛል።)
"እኔ እኮ ስለ ደም ነው ያልኩት..."
"ዝንጀሮው ደም መች ፈለገ? በቆሎ ነው የበላው።"
ይቅርታ ጠየቅኩ። ሳቄን መንገድ ላይ ለቀቅኩት።

ሰኔ 13
አለቀልን። ልብስ ለማጠብ ሳወጣ የአጵሎስ የምርመራ ወረቀት ከኪሱ ወደቀ። ያነሳችው ጎረቤታችን በለጥሽ። አነበበችው። አጣጥፋ ሰጥታኝ ሄደች። ነገ ሰፈሩ ይነሳብናል። ዶርዜ አክስቴ ጋ ልውሰደው? በዚያ ብርድ?

ሰኔ 14
ሻንጣ ሳስር በር ተንኳኳ። ጋሽ ኦይታ። ከኋላቸው በለጥሽ፣ በሳህን ኩርኩፋ፣ የበቆሎና የሽፈራው ቅቅል፣ ይዛ። ጋሽ ኦይታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከአጵሎስ ጋር ከአንድ ሳህን በሉ። የዝንጀሮውን ነገር አወሩለት። ሳቀ። ከፋሲካ ወዲህ ሳቁን ሰምቼው አላውቅም።
ስሸኛቸው "ሰፈሩ ሰማ?" አልኩ።
"ሰማ።"
"እና?"
"ኡኡ አትበሉ ብለሽን የለም እንዴ? ለዝንጀሮ እንጮሃለን። ለዚህ ዝም።"
በሩን ዘግቼ አለቀስኩ... ደስ ብሎኝ። ሻንጣውን ፈታሁ። የተረፈችውን በቆሎ ነገ እኔ እጠብቅላቸዋለሁ። እየጮህኩ።