ዝይዎቹን ሌላ ሳምንት ኑ ስላላልናቸው ይቅርታ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የሰሜኑ አውራጃ የወጣቶች ደህንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የነጭ ዓሣ ሐይቅ ክሪዎች፣ የካናዳ ምድር ነባር ሕዝብ፣ በረዶው ለቆን ዝይዎቹም ተመልሰውልን፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ጽሕፈት ቤትዎ ስለ ደህንነታችን ከእኛ በላይ ስለሚጨነቅ፣ እንቅልፍ እንዲወስድዎ ይህንን ላስቀድም ብዬ ነው።

እኔ ሄስተር ዋፓቺ እባላለሁ። ከወንድሜ ከሲድኒ ጋር በየጸደዩ የመንደሩን ወጣቶች ወደ ዝይ አደን ሰፈር እንወስዳለን፤ እዚያ የጥድ ቅርንጫፍ አንጥፈው ይተኛሉ፣ ያድናሉ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ከበሮ ይመታሉ፣ በቋንቋቸውም ይሳሳቃሉ።

አንደኛ፣ ዘንድሮ ሰፈሩን ዝይዎቹ በገቡበት ሳምንት ስለከለከሉልን አመሰግናለሁ። እኔና ሲድኒ የወጣት አእምሮ ለማከም የሚያበቃ ማረጋገጫ የለንም ብለዋል፤ እውነትዎን ነው። ዝይዎቹ ጉዞአቸውን እርስዎ እስኪፈቅዱ ቢያቆዩት መልካም ነበር፤ ደብዳቤዎ አልደረሳቸው ይሆናል።

ሁለተኛ፣ በምትኩ ወይዘሪት ክሎዲን የተባሉ ባለሙያ ከነላስቲክ ምንጣፋቸው ስለላኩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልጆቹን አዳራሽ ውስጥ በጀርባቸው አስተኝተው፣ መስኮቱን ዘግተው፣ «ዓይናችሁን ጨፍኑና በሰማይ ላይ የሚበር ወፍ ይታያችሁ» አሏቸው። በዚያችው ቅጽበት ዝይዎቹ እየጮኹ በጣሪያው ላይ አለፉ።

ከተኙት መካከል የእህቴ ልጅ ላቪና ነበረች። መኸር ላይ ወንድሟ ኢላይ ስስ በረዶ ከድቶት ሐይቁ ውስጥ ሰጥሞ ከሞተ ወዲህ ከክፍሏ አትወጣም፣ ካላናገሯትም አትናገርም፤ ያን ቀን እንኳ ለምነን ነው ያመጣናት። የዝይዎቹን ድምፅ ስትሰማ ብድግ አለች።

«ወፉ ውጭ ነው ያለው» አለችና ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ሌሎቹም ተከትለዋት እብስ አሉ፤ እኛም ከኋላቸው። ባለሙያዋ «ቆዩ እንጂ! ገና አልጨረስንም!» እያሉ በካልሲ እስከ በር ሮጡ፤ ከዚያ ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ ተመልሰው ጫማቸውን አደረጉና እሳቸውም ተከተሉን።

ማታውኑ በከለከሉን ሰፈር ድንኳን ተክለን፣ ያደንናቸውን ዝይዎች ላባ ስንነቅል፣ ወይዘሪት ክሎዲን ዝይዋን ታቅፈው ላባው አፍንጫቸው ውስጥ ገብቶ ያስነጥሳሉ። ላቪና አየት አደረገቻቸውና፣ «ኢላይም እንዲሁ ነበር። ላባውን ይበላው ነበር እንጂ አይነቅልም» አለች።

ስሙን ስትጠራ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ፣ እኔም አቀፍኳት። ማንም «በረጅሙ ተንፍሺ» አላላትም። ባለሙያዋ እንኳ እንባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ መንቀላቸውን ቀጠሉ። ሙያቸውን ያን ጊዜ አየሁላቸው፤ ስለሳቸው የማመሰግንዎ ከልቤ ነው።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ለሰሞኑ መግለጫዎ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ «ባዘጋጀው መርሐ ግብር» ወጣቶቻችን ከባህላቸው ጋር እንደተገናኙ፣ ከድንኳናችን ፎቶግራፍ ጋር አነበብን። የድንኳኑን ምሰሶ ስንቆርጥ አላየንዎትም፤ ምናልባት ከዛፍ ጀርባ ሆነው ይሆናል።

የመንደሩ ሸንጎ ተሰብስቦ፣ ፈቃድ መጣም አልመጣም የመኸሩ ሰፈር እንዲተከል ወስኗል። ታናናሾቹን ልጃገረዶች የምትይዘው ላቪና ናት፤ ራሷ ጠይቃ ነው። ልጆቻችንን የምንቀብርበትን ፈቃድ ማንም ጠይቆን አያውቅም፤ የምናኖርበትንም ባይጠይቁን ደስ ይለናል።

ትሕትናዬ ከሐይቃችን የሚሰፋ፣ ትዕግሥቴ ግን እንደ ጸደይ በረዶ እየሳሳ ያለ አክባሪዎ፣
ሄስተር ዋፓቺ

ማስታወሻ፦ ላቪና ይህን አንብባ፣ «አክስቴ፣ ምነው እንዲህ አለሳለስሽው?» ብላኛለች። መልስ ካልሰጡኝ የሚቀጥለውን የምትጽፈው እሷ ስለሆነች፣ ከወዲሁ ብርታቱን ይስጥዎ።