ከሰላምታው በኋላ

ሰኞ፣ ሰኔ 9
ዛሬም የአንሶላ ክምር። ላውንደሪው ውስጥ እኔና ካውያዬ ብቻ። አለቃዬ፣ እትዬ፣ እንደ ልማዳቸው ሌላኛው ቅርንጫፍ ናቸው፤ የምንገናኘው በስልክ መልእክት ነው።
ቅዳሜ ልጄ የዋና ውድድር አላት። አምና ቀረሁባት... "እማዬ፣ ዘንድሮም ሥራ ነው?" አለችኝ ጠዋት። አንጀቴን በላችው። ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ። ግን ዘው ተብሎ ይጠየቃል? መጀመሪያ ሰላምታ።
ጻፍኩ፦ "እንደምን አደሩ እትዬ? ጤናዎ እንዴት ነው? ልጆችስ?"
መለሱ፦ "ደህና።"
በቃ። "አንቺስ?" የለ። ከዚህ ወዲያ እንዴት ተብሎ ይቀጠላል?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10
"እንደምን አደሩ? ወገብዎን ተሻለዎት?"
የአውራ ጣት ምልክት ላኩልኝ። ምን ማለት ነው... ወገባቸው ድኗል?
ባሌ ሳቀብኝ። "አንቺ ሴትዮ፣ ፍርጥ አድርጊው!" እሱ ምን አለበት? የራሱን ታክሲ ነው የሚነዳው፣ አለቃ የለበት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11
ጠዋትም ማታም ላክሁ። መልስ የለም። በስልክ ደጅ መጥናት ጀመርኩ!

ሐሙስ፣ ሰኔ 12
ደወሉ!
"ንገሪኝ፣ የማንን ልብስ ነው ያቃጠልሽው?"
"ኧረ ምንም አላቃጠልኩም!"
"ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ይሄ ሁሉ ሰላምታ ምንድነው?"
አሁን ተናገሪ፣ አሁን... "ሰላምታ የእግዜር ነው ብዬ ነው፣ እትዬ።" ወይ እኔ!
ከሰዓት በአካል መጡ። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሱ አዩ። የተቃጠለ የለም። ይበልጥ ተጠራጠሩ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13
ልጄ የዋና ቦርሳዋን አዘጋጅታለች። ትመጫለሽ ወይ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። እሱ ነው የባሰብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ላክሁ፦ "ነገ አልገባም። ልጄ ትዋኛለች።" እንደምን አደሩ የለ፣ እትዬ የለ።
መልሱ ወዲያው መጣ፦ "ይቺን ለማለት ነው አራት ቀን? ሂጂ። ሸሚዞቹን እኔ እተኩሳለሁ።"

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14
ከስምንት ልጆች ስድስተኛ። ከውሃው ስትወጣ መጀመሪያ በዓይኗ የፈለገችው እኔን ነው። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼ ነበር።
ከሰዓት መልእክት ገባ። እትዬ! "እንደምን ዋልሽ? ልጅቷ እንዴት ሆነች? አባቷስ ደህና ነው?"
ሦስቱንም መለስኩ። ከዚያ ስልኬን ይዤ ጉዳዩን ጠበቅሁ... ነገ ግቢ ሊሉኝ ነው? አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅሁ። ጉዳይ የለም። ሴትዮዋ ደህንነታችንን ብለው ብቻ ነው የጠየቁት።
እኔስ ሳምንቱን ሙሉ ምን ብዬ ነበር የጠየቅኋቸው? አፈርኩ።