ከአዴ ደስታነሽ ማዕድ ለተነሡት ፓስተራችን

እጃጂ፣ መጋቢት 2003 ዓ.ም.

ለክቡር ፓስተር ጋሮማ፣ የጉባኤያችን መሪና መጋቢ፣ በቅርቡ እንዳሳወቁንም ሊጠየቁ ለማይገባቸው አባት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ ጤናዎ እንደምን እንደ ሆነ እጠይቃለሁ፤ በተለይ ሆድዎን። በጥር ወር ከሰርግ ድንኳን መሀል ድንገት ብድግ ብለው ሲወጡ፣ ምነው ሕመም በሆነ ብዬ ተመኝቼ ነበር። ሕመም ቢሆን ኖሮ እንጸልይልዎ ነበርና።

እኔ ድንቅቱ ነኝ። በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። እርስዎ በገዛ እጅዎ ያጠመቁኝ፣ ከባለቤቴ ከተሻለ ጋር ያጋቡኝ፣ እስከ ቅርብ ጊዜም የእሑድ ጠዋቱን የጎልማሶች ክፍል እንዳስተምር የፈቀዱልኝ ሴት ነኝ። ይህን የምዘረዝረው የሚረሱኝ መስሎኝ አይደለም፤ ደብዳቤው ግልጽ ስለ ሆነ ሌላውም አንባቢ የምትናገረው ማን እንደ ሆነች እንዲያውቅ ነው። በግል ላነጋግርዎ ደጋግሜ መጥቼ ነበር፤ በበሩ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ግን በጸሎት ላይ ነዎት እያሉ መለሱኝ። ጸሎትዎን ላለማቋረጥ ስል ይኸው በአደባባይ ጻፍሁ።

የመጀመሪያው ጉዳይ የአዴ ደስታነሽ ነው።

አዴ ደስታነሽ፣ ወይዘሮ ለማለት በኦሮምኛ አዴ ብለን የምንጠራቸው፣ የኦርቶዶክስ አማኝ፣ ባላቸው የሞተባቸው ጎረቤታችን ናቸው። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን በታሸገ ጊዜ የእኛ ሰዎች ተደብቀው የሚጸልዩት በእሳቸው ጓዳ ነበር፤ የቀበሌ ሰው መጥቶ ሲጠይቃቸውም ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ዘመዶቼ ናቸው ብለው ይመልሱት ነበር። ይህን የሰማሁት ከእሳቸው አይደለም። እርስዎ ነዎት ከመድረክ የመሰከሩልን፤ ስለ ምስክርነቱ ዛሬም አመሰግንዎታለሁ።

ልጃቸውን ወሰንየለሽን ሲድሩ ታዲያ ጉባኤያችንን በሙሉ ጠሩ። እርስዎም ከፊት ተቀምጠው ሙሽሮቹን መረቁ፤ ዶሮ ወጡ ሲቀርብም በደንብ በሉ። ከኋላዎ ስለ ነበርሁ አይቻለሁ፤ አዴ ደስታነሽ በእጃቸው ሲያጎርሱዎም እየሳቁ ተቀብለዋል። ከዚያ አስፋልቱ ዳር ላንድክሩዘር ቆመ። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ጉባኤ የሚያልፉ፣ መንገዳቸውንም እርስዎን ይዘው ለመሄድ የፈለጉ የቤተ እምነታችን መሪዎች፣ ታላላቅ ወንድሞች የምንላቸው፣ ወረዱ። እነዚህ ወንድሞች አማኝ ከቤተ እምነቱ ውጪ በተደገሰ ድግስ እንዳይቀመጥ አጥብቀው የሚያስተምሩ ናቸው። የከተማችን ሌሎች ጉባኤዎች እንዲህ አያስተምሩም፤ እርስዎም እስከዚያች ሰዓት አስተምረውን አያውቁም ነበር።

ወንድሞች በድንኳኑ በር ሲታዩ በእጅዎ የነበረውን ጉርሻ ወደ ሰሐኑ መለሱት። እጅዎን ጠራርገው ተነሡና እኛ ሁላችን እየሰማን፣ «እኔ እንኳ ሰላምታ ለማድረስ ያህል ነው ጎራ ያልኩት» አሏቸው። ወደ እኛም ዞር ብለው በዓይንዎ ጠቀሱን።

ሽማግሌዎቹ ተነሡ። መዘምራኑ ተነሡ። አዴ ደስታነሽ ሁለተኛውን ዙር ወጥ ይዘው ከጓዳ ሲወጡ የድንኳኑ ግማሽ ባዶ ነበር። ወሰንየለሽ በሙሽራ ወንበሯ ላይ ሆና እናቷን ብቻ ታይ ነበር።

በማግስቱ አዴ ደስታነሽ አስጠሩኝ። ከወጡ የተረፈውን በሰሐን አቅርበው ቅመሺ አሉኝ፤ ቀመስሁ።

«ማሎ፣ እባክሽ ድንቅቱ፣ እኔ ስቀምሰው ደኅና ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቅቤው ሸቷል እንዴ? እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም።»

ክቡር ፓስተር፣ እኒህ ሴት ወጣቸውን ሲጠረጥሩ አደሩ እንጂ እርስዎን አልጠረጠሩም። የሃይማኖት አባት ያለ ምክንያት ከማዕድ አይነሣም ብለው ስላመኑ፣ ጥፋቱን በገዛ ድስታቸው ውስጥ ሲፈልጉ አነጉ። እንዲህ ያለ እምነት ያተረፉ መሪ በመሆንዎ እንኳን ደስ አለዎ።

ሁለተኛው ጉዳይ የትምህርት ነው። በዚያ ሰሞን በጎልማሶች ክፍል የጥንቷን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ እየተማርን እንደ ነበር ያውቃሉ። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ያለቀለት ድንጋጌ አልነበረም። ከአይሁድ ያልተወለደ ሰው ክርስቲያን ለመሆን የአይሁድን ሕግ ሁሉ ይፈጽም ወይስ አይፈጽም የሚለው እንኳ ገና አልተቆረጠም ነበር፤ የተቆረጠው ሰዎቹ ተሰብስበው ብዙ ከተከራከሩበት በኋላ ነው። በአንጾኪያ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር፤ ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ግን ፈራና ከማዕዱ ራቀ። ሌሎቹም ተከተሉት፣ ደጉ በርናባስ ሳይቀር። ጳውሎስም ይህ ሰው ከጌታ ጋር የተመላለሰ ነው፣ አይነካም ብሎ አላለፈውም፤ በሁሉ ፊት ተቃወመው። ዛሬ የእጃጂ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን የምንቀመጠው በዚያ ዘመን ዝም አልልም ያለ ሰው ስለ ነበረ ነው። ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ እርስዎም እኔም፣ የተከበረ እንግዳ ሲመጣ ጥለውን የሚነሡ አሕዛብ ሆነን በቀረን።

ይህን ባስተማርሁበት እሑድ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ስላዳመጡኝ አመሰግናለሁ። ትምህርቱን ስጨርስ ወደ እርስዎ ዞሬ፣ «ፓስተር፣ እንግዶቹ ሳይመጡ በልተዋል። ሲመጡ ለምን ተነሡ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሃያ ዓመት ያከበሩትን ሰው በሰው ፊት መጠየቅ ቀላል አይደለም።

«ድንቅቱ፣ መሪሽን ታዘዢ እንጂ አትመርምሪ» አሉኝ። «የተቀባ ሰው አይጠየቅም።»

ሐዋርያት ዓመታት የተሟገቱበትን የትምህርት ዕድገት ከወንበርዎ ሳይነሡ ስለ ፈጸሙልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። በሳምንቱ ክፍሉ ተዘጋ። እኔም በጉባኤው ፊት ቆሜ ይቅርታ እስክጠይቅ ድረስ እንዳላገለግል ተነገረኝ። ይቅርታ የምጠይቀው እርስዎን መሆኑ ነው፤ አዴ ደስታነሽን ይቅርታ ይጠይቅ የተባለ ሰው መኖሩን ግን አልሰማሁም።

ሦስተኛውን ጉዳይ ስለ ቤቴ ሰላም ስል ልተወው ነበር፤ ጻፊው ያለኝ ራሱ ተሻለ ነው። ባለቤቴ የጤና መኮንን ነው፤ በሽተኛን ሳይመረምር አንዲት ክኒን አያዝም። በዚያ ቀን ግን ከጎኔ ብድግ ብሎ ወጣ። ማታ ምክንያቱን ስጠይቀው፣ «ፓስተሩ ተነሣ፣ ተነሣሁ» አለኝ። ያስቆጣኝም ይኸው ነው። እርስዎን ማመን ማለት የራሱን ዓይን አለማመን የሆነበትን ሰው፣ አባወራና የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ፣ በገዛ ቤቴ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ እንግዳ ኖርን።

በየካቲት መጨረሻ ተሻለ ማንም ሳይልከው ብቻውን ወደ አዴ ደስታነሽ ቤት ሄደ። እንደ ነገረኝ፣ ቁጭ ካለ በኋላ መሬት መሬት እያየ፣ «ወጡ ደኅና ነበር። እኔ ነኝ የፈራሁት» አላቸው። እሳቸውም ተነሥተው የእጅ ማስታጠቢያውን አመጡ፤ በላ። ወሰንየለሽ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላም አትለውም፤ እኔም አልፈርድባትም።

እንግዲህ ክቡር አባታችን፣ በጉባኤው ፊት ይቅርታ እንደማልጠይቅ በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ። ያጠመቁኝ መታዘዝ እንድለምድ ከነበረ ጥምቀቱ አልያዘልኝም። መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍተው እኔን ብቻ አትስሚ፣ ራስሽ አንብቢ ያሉኝ ግን እርስዎ ነበሩ፤ አንብቤያለሁ።

መንገድዎ ሁሉ የቀና፣ በሚቀመጡበት ማዕድም ተመልካች የማይመጣብዎ ይሁን እያልሁ፣ በፍጹም አክብሮትና በጭራሽ ባልበረደ ቁጣ እሰናበታለሁ።

ያጠመቋት
ድንቅቱ

ግልባጭ፦ በዕለቱ ተነሥታችሁ ለወጣችሁ ሁሉ

ማስታወሻ፦ የጎልማሶች ክፍል አሁን በእኛ ቤት እሑድ ከሰዓት ይሰበሰባል። አዴ ደስታነሽም ነጠላቸውን እንዳጣፉ ይመጣሉ፤ እምነትዎን ይለውጡ ያላቸው የለም፣ የእነዚያን የሁለቱን ሰዎች፣ የጴጥሮስንና የጳውሎስን፣ ነገር መስማት ወድደው ነው። ባለፈው ሳምንት ጴጥሮስ ሲወቀስ ምን ብሎ መለሰ ብለው ጠየቁኝ። አልተጻፈም፣ አይታወቅም አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ዝም ብሎ ይሆናል። ቢሆንም የጠየቀውን ሰው አላባረረውም» አሉ።