የልጄን የመመረቂያ ፕሮጀክት ቀምሰው ለገመገሙት

ለክቡር ኢንጂነር አዳሊድ ቡኤሶ፣
የግብርና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የመመረቂያ ፕሮጀክት ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ምሳ በሚበሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሆድዎ እንዴት ነው? ባለፈው ከቤታችን ሲወጡ ቀበቶዎን ላላ አድርገው ስለ ነበር ቤተሰቡ በሙሉ ሲጨነቅ ሰነበተ። የሱያፓዋ እመቤታችን ጤናዎን ትጠብቅልን፤ የምግብ ፍላጎትዎን በተመለከተ ግን እሷን ማስቸገር አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም።

ቴዎዶሊንዳ ሙርሲያ እባላለሁ። በስሜ ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ ነገር ግን የኖልቪያ እናት፣ ያቺ ኮረብታው ላይ የምትኖረው፣ ሾርባዋ ላይ የድንብላል ቅጠል የምታበዛው ሴትዮ ብልዎት ወዲያው ትዝ እንደምልዎት አልጠራጠርም። ይህንን ደብዳቤ በቢሮዎ በኩል ላደርስ ደጋግሜ ብመላለስም ጸሐፊዎ "ኢንጂነሩ መስክ ናቸው፣ እትዬ" እያለች መለሰችኝ። መስክ የሚባለው የማን ቤት እንደሆነና ምሳውም የሚወጣው በስንት ሰዓት እንደሆነ ስለማውቅ አልተከራከርኳትም። በከተማችን ሬዲዮ እንዲነበብልኝ የሰጠሁት ለዚህ ነው፤ ሬዲዮ እየበሉም ይሰማልና።

ነገሩ ይህ ነው። ኖልቪያ ፕሮጀክቷን ካላለፈች ዲፕሎማ አታገኝም፤ ዲፕሎማዋ ከገና በፊት ካልደረሰ የግብርና ኮሌጁ የያዘላትን ቦታ ለሌላ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቃት እንደ አክስቷ ልጅ ሳን ፔድሮ ወርዳ ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ አንገትጌ ስትሰፋ መዋል ነው። መመሪያችሁ አሥራ አምስት እንቁላል ጣይ ዶሮ አሳድጊ፣ በመጨረሻው ግምገማ ቀን በሕይወት ያሉት ከአሥራ ሁለት እንዳያንሱ ይላል። ልጄም ቤታቸውን በገዛ እጇ ሠራች፣ መኖአቸውን ራሷ ፈጨች፣ አንዷ ባስነጠሰች ቁጥር መጽሐፍ ስትገልጥ ከረመች። በበሽታ አንዲት ዶሮ አልሞተችባትም። እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ለክትትል በመጣችሁ ጊዜ እርስዎ፣ መምህርት ሜልባና ሾፌሩ ልክ እኩለ ቀን ላይ በነጩ ፒካፕ ከች አላችሁ። "የለም የለም፣ አንበላም፣ ለሥራ ነው የመጣነው" እያሉ ወንበሩን ወደ ገበታው ሲስቡ በዓይኔ አይቻለሁ። ያለን ቶርቲያ የምንለው የበቆሎ ቂጣና ባቄላ ነበር። እኛ ሰፈር ደግሞ እንግዳ፣ ያውም ኢንጂነር፣ ቤቷ ገብቶ ባቄላ በልቶ ወጣ ከምባል መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። እርስዎም በመስኮቱ ወደ ጓሮ አየት አድርገው "ወይ ጉድ፣ ያቺ ደልደል ያለችው ሾርባ ብትሆን!" አሉ። ቀልድ ነው። እኔ ግን እንግዳ ሲቀልድ ቢላ የሚያነሱ ሴቶች ያሳደጉኝ ነኝና ተነሣሁ። ኖልቪያ እየተከተለችኝ "እማ፣ እሷንስ አይሆንም፣ ከሁሉም የምትጥለው እሷ ናት!" ስትለኝ "ዝም በይ፣ ይሰሙሻል" አልኳት። ሾርባው በካሳቫና በአረንጓዴ ሙዝ ተሠርቶ ቀረበ። ልጄ አልቀመሰችም።

ሁለተኛ፤ ለመጨረሻው ግምገማ በመጣችሁ ጊዜ ማህተሙ ቢሮ ተረስቶ ስለ ነበር ግምገማው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ምሳውን ማስተላለፍ ግን አልተቻለም። ባለፈው ጊዜ አንዷ እንዳልበቃች ሾፌሩ በትሕትና ስለ ገለጸልኝ በዚያን ቀን ሁለት አረድኩ። በዚህ አጋጣሚ ለእናትዎ ብዬ በሙዝ ቅጠል የጠቀለልኩት ጭን ደርሷቸው እንደሆነ ብጠይቅ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

ሦስተኛ፤ ማህተሙን ይዛችሁ በመጣችሁ ዕለት ጠዋት ልጄ አሥራ ሁለት ዶሮ ነበራት፤ መመሪያው የሚለው ልክ ያንኑ ነው። ነጭ ሸሚዟን ተኩሳ፣ ጸጉሯን ጎንጉና፣ የምትናገረውን ለራሷ እያነበነበች በር በሩን ስታይ አረፈደች። እኔም ልቤን አጠንክሬ እንቁላል ጠብሼ፣ አይብና አቮካዶ ጨምሬ አቀረብኩ። እርስዎ ሳህኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ጓሮውን አዩና "ዶኛ ቴዎ፣ ምነው፣ ተቀያየምን እንዴ?" አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ በሰው ፊት እንዲህ ተብዬ አላውቅም። መምህርት ሜልባ አንገቷን ደፋች፤ ሾፌሩ ሳቀ። ሁለት አረድኩ። እናንተም በላችሁ፣ የእግዚአብሔርንም ስም አመሰገናችሁ። ከዚያ በኋላ እርስዎ ጥርስዎን እየጎረጎሩ ወደ ዶሮ ቤቱ ሄደው በጣትዎ እየጠቆሙ ቆጠሩና "የኔ ልጅ፣ ሁለት ጎደሉ እኮ!" አሏት፤ ከልብዎ የገረመዎት መስለው።

አራተኛ፤ ቅጹ ላይ "የጎደሉበት ምክንያት" የሚል ቦታ ነበረ። ልጄ መዋሸት አላስተማርኳትምና "ለኮሚቴው ምሳ" ብላ ጻፈች። መምህርት ሜልባ ደንግጣ "አይ የኔ ልጅ፣ እንዲህ ተብሎማ አይጻፍም፤ ሸለምጥማጥ በላቸው በይ" አለቻት። ልጄም የመምህር ቃል አክብራ ሰርዛ ሸለምጥማጥ አለች። ውጤቱ ሲመጣ ታዲያ ምን ይላል? "ተማሪዋ ዶሮዎቿን ከአውሬ ለመጠበቅ በቂ ጥንቃቄ ባለማድረጓ ወድቃለች።" ስለ ምክሩ እናመሰግናለን፤ አጥሩንም አጥብቀነዋል። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ የኛን ሰፈር ሸለምጥማጥ እኔ በደንብ አውቀዋለሁ። በነጭ ፒካፕ ነው የሚመጣው፣ የሚበላውም በሹካ ነው፤ ለእሱ የሚሆን አጥር ደግሞ እስካሁን ገበያ ላይ አላገኘሁም።

አምስተኛ ብዬ የምጠራው እንኳን ቅሬታ አይደለም። የታችኛው ሰፈሩ ማርቪን በሽንኩርት ፕሮጀክቱ በከፍተኛ ማዕረግ አልፏል፤ እንኳን ደስ ያለው፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ሽንኩርቱን ብቻውን በልቶ የሚጠግብ ገምጋሚ ባለመኖሩም እድለኛ ነው። ልጄን ሽንኩርት ትከዪ ብላት ኖሮ ይህን ጊዜ ሻንጣዋን ወደ ኮሌጅ ስናዘጋጅ ነበርን።

ከዚህ በኋላ ያለውን መቁጠር አልቻልኩም። ኖልቪያ አንዲት ቃል አልወቀሰችኝም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀን ቀን ዶሮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ ትውላለች። ትናንት ለአክስቷ ልጅ ደውላ "ሳን ፔድሮ ክፍል ኪራይ እንዴት ነው?" ስትል ሰማኋት። ምን ላድርግ? አላበላም ብል ስማችንን እያጠፋችሁ ኮረብታውን ትወርዳላችሁ፤ ባበላ ልጄ ትወድቃለች። በሬን ልዝጋ እንዳልል ውጤቷ ያለው እጃችሁ ላይ ነው። ቢጨንቀኝ ለቄሱ ብነግራቸው ጥቂት አሰቡና "መቼም እንግዳ እንግዳ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። እሳቸውንም የማበላቸው እኔው ነኝ።

በቸርነትዎ ሐሙስ ድጋሚ ግምገማ እንደ ፈቀዱልን፣ ቁጥሩም አሥራ ሁለት መሙላት እንዳለበት ደርሶናል። የጎደሉትን ሁለት ጎረቤቴ ዶኛ ቻዮ ሰጥታናለች፤ ስትሰጠኝም ክንዴን ይዛ "ስሚ ቴዎ፣ እነዚህን በእግራቸው መልሺልኝ፣ በሳህን እንዳትመልሺልኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ስላት ግን ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

በእጄ ጭልፋ ይዤ፣ በሬን ከፍቼ፣ እምቢ ማለት ሳልማር ያረጀሁ፣
የኮሚቴዎ ታማኝ ወጥ ቤት፣ የተማሪ ኖልቪያ እናት፣
ቴዎዶሊንዳ ሙርሲያ

ማስታወሻ፦ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ እንደምትደርሱ ሾፌሩ መልእክት ልኮብኛል፤ አንድ ሰው ጨምራችሁ እንደምትመጡም ነግሮኛል። ድስት እንደምጥድ እርስዎም እኔም እናውቃለን፣ በዚህ አንሸዋወድ። እግርዎ ላይ ወድቄ የምለምንዎት አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ልጄ ከወዲሁ ቁርጧን አውቃ ሻንጣዋን ለኮሌጅ ወይም ለፋብሪካ እንድታዘጋጅ ይንገሩኝ፦ ቆጠራው ከምሳ በፊት ነው ወይስ ከምሳ በኋላ?