ሁለት ሚሊ አምፒርና አንድ ደፍ

ጥር 1፣ ጠዋት

ስሞታ አለኝ፣ ደብተሬ። እህቴ ሐረግ የሻይ ብርጭቆዬን እስከ ግማሽ ብቻ ትሞላለች። በገዛ ታናሽ እህቴ ይህ ይፈጸምብኝ! ለምን ስላት እጄን ታያለች። እጄም እንደ አሮጌ ፓምፕ ይርገፈገፋል። ፓርኪንሰን ነው። ማንም ሳያስተምረኝ የቆቦን የመስኖ ፓምፕ ስጠግን ኖሬ፣ ራሴ ፓምፕ ሆንኩ።

መንቀጥቀጡስ ይሁን። የሚያናድደኝ እግሬ ነው። ሜዳ ላይ ይሄዳል፤ በር ጋ ሲደርስ ቀጥ። ጫማዬ ከመሬት ጋር የተበየደ ይመስለኛል። የሐረግ ልጅ ዝናሽ ደግሞ ጥር ማለቂያ ላይ ታገባለች። አባቷ በሕይወት የለም፤ እጇን ይዤ ከቤት የማወጣት እኔ ነኝ። ዛሬ ሐረግ ቁርጡን ነገረችኝ፦ ደፉን መሻገር ካቃተኝ የአጎታችን ልጅ ካሳ ያወጣታል። ሙሽራ ደፍ ላይ ከቆመች ሰው ብዙ ያወራል።

ካሳ! ሠርግ ቤት ገብቶ እኔ ካልተሞሸርኩ የሚል ሰው!

ጥር 3፣ ከሰዓት

ለእግሬ ብዬ ከሄድኩበት ከወልድያ ክሊኒክ አሁን ገባሁ። ጭንቅላቴ ላይ ኤሌክትሪክ ተለቀቀብኝ! ደስታው ቁጭ አላስብል አለኝ።

የክሊኒኩ ፊዚዮቴራፒስት ወ/ሪት ሐያት ትባላለች። ልጅ እግር፣ ኮስታራ። በጨው ውሃ የራሱ ሁለት ስፖንጆች አናቴ ላይ በላስቲክ አሰረች። አንዲት ባለ ባትሪ ሳጥን። መርፌ የለ፣ ቀዶ ጥገና የለ። ጉልበቱ ስንት ነው አልኳት። ሁለት ሚሊ አምፒር። ሳቅሁ። የእኔ ፓምፖች ቢሰሙ ያፍሩላታል። መጀመሪያ ቅማል የሄደብኝ ያህል አሳከከኝ፤ ከዚያ ተወኝ። ስፖንጁን እንዳሰርኩ በበሩ አመላለሰችኝ።

አልደበቀችኝም፦ በሽታውን አያድንም፣ ገና እየተጠና ነው፣ አንዱን ይረዳል ሌላውን አይረዳም፣ ኪኒኔን እንዳላቋርጥ። ይቺንማ ቤቴ እሠራታለሁ ስላት ዓይኗ ፈጠጠ። «ጋሼ፣ ጭንቅላት ፓምፕ አይደለም፤ ቢቃጠል መለዋወጫ የለውም!»

ለሐረግ ግን አንጎሌ እንደ ጥብስ ሲንጫጫ ሰማሁት ብዬ አወራሁላት። አልሳቀችም።

ጥር 5፣ ከሰዓት

ጉድ ሆንኩ። ጠዋት ሚኒባስ ሳልሳፈር ሐረግ ያዘችኝ። አናቴ ላይ እፍኝ ሙሉ ለጋ ቅቤ! እሳቱ እንዳያደርቅህ፣ ያብርድልህ አለች። እኛ አገር ለአናት ከቅቤ ምን ይበልጣል? እኔም ደስ ብሎኝ ተቀባሁ። መንገድ ላይ፣ ሮቢት ስንደርስ ፀሐዩ ከረረ። ጎብዬ ስንደርስ ቅቤው በጆሮዬ ወረደ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ቦታ ቀየረ።

ሐያት ስፖንጁን ብታስር ሳጥኑ ጢጥ፣ ጢጥ፣ እምቢ። ቅቤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍማ! ሽቦ ሳኝክ ያደግኩት ሰውዬ ይህን እንዴት ረሳሁት? በሳሙና ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ። ጢጥ። ተራዬ ለሌላ በሽተኛ አለፈ። ሐያት ተቆጣች፤ ከዚያ አናቴን አሸተተችና ሳቋን ለቀቀችው። እሷንም እናቷ እየቀቡ ነው ያሳደጓት።

ሐረግ ግን በጥብሱ ወሬዬ የምሯን ፈርታ ኖሯል። ይሄ አፌ!

ጥር 14፣ ከሰዓት

ደብተሬ!!! ተሻገርኩ! ይህን ሁሉ ቀን ስመላለስ ከርሜ፣ ዛሬ የክሊኒኩን በር ሳልቆም ሄድኩ፣ ሳልቆም ተመለስኩ። ኤሌክትሪኩ ይሁን፣ ልምምዱ፣ ወይም ኪኒኑ፣ ሐያት ራሷ አላውቅም ትላለች። እኔም አላውቅም። ግድም የለኝ! ለሹፌሩ ነገርኩ። ለረዳቱ ነገርኩ። ቆቦ መናኸሪያ ወርጄ ለማላውቀው ባለ ባጃጅ ነገርኩ። እንኳን ደስ ያለህ አባባ አለኝ። አባባ! ይሁንለት፣ ዛሬ ምሬዋለሁ።

ጥር 16፣ 11 ሰዓት

ፈተና፣ በሐረግ ቤት ደፍ። ተሻገርኩ። እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ እስቲ ድገመው አለች። ደገምኩ። ቀጥ አልኩ። መቃኑን ይዤ፣ እግሬን እየለመንኩ። እልልታው አፏ ውስጥ ቀረ። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ማታ ለካሳ እደውላለሁ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ቤቴ ገብቼ ይሁን ብያለሁ። አንዱን ጊዜ መሻገርም አምና አልነበረም። ካሳም ቢሆን ሰው ነው፣ በግድ።

በር ተንኳኳ። ክፍት ነው አልኩ፤ መነሳት ሰልችቶኝ።

ዝናሽ! ሙሽራዋ! ከቤት ንቅንቅ እንዳትል የተከለከለችው ልጅ፣ በእናቷ ነጠላ ተጀቡና፣ በጓሮ አምልጣ! ደፌ ላይ ቆማ ትቆጣኛለች፤ እኔ እጽፋለሁ።

«አጎቴ፣ ደብተሩን ተወውና ተነስ፣ እንለማመድ። ደፉ ላይ ብትቆም አብሬህ እቆማለሁ። ዘፋኞቹ አንድ ዙር ይጨምሩ፣ ምን ቸገራቸው? ካሳ ከሆነ ግን አልወጣም፣ እዚያው ቤቴ አረጃለሁ!»

ቆረጥኩ። ሐረግ ሳትደውል እነግራታለሁ፦ ብቆምም፣ ብሄድም፣ የማወጣት እኔ ነኝ። እጇን ዘርግታለች። እሺ አንቺ ልጅ፣ እጄን አትጎትቺው፣ ይቺን መስመር ልጨ—