ዳኜን ፓርክ ልንወስደው ነው

ጥር 14፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ታናሽ ወንድሜ ዳኜ ዛሬም የበሩ ጉበን ላይ ተንጠልጥሏል። እግሩ ይወራጫል፣ ፊቱ በርበሬ መስሏል። ጥፋቱ የኔ ነው። አ.አ ያለው መጫወቻ ፓርክ ቁመቱ ያልደረሰ ልጅን ትልቁ የሚሽከረከር ጎማ ላይ አያስወጡም ብዬዋለሁ። ይሄ እውነት ነው አሉ። በየጠዋቱ መንጠልጠል ቁመት ይጨምራል ያልኩት ግን ከራሴ ነው። ስምንት ዓመቱ ነው፣ ያመጡለትን ያምናል። እኔም አመጣለታለሁ።

አንች ደብተር፣ የፊዚክስ ደብተሬ ነበርሽ። ሦስት ገጽ ተጽፎብሽ ት/ቤቱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኃይልና ስለ ፍጥነት የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ የኔን ወሬ ቻይው።

ነገሩ የጀመረው በጥምቀት ማግስት ነው። እማ ምሳ ላይ ድንገት ተነስታ አክስቴ ብርቄ ዘንድ አ.አ ልንሄድ ነው አለች። እሷ፣ እኔና ዳኜ። ፓርክም እንገባለን። ሰማይ ድረስ የሚያወጣ ጎማ፣ እየተጋጨ የሚነዳ ትንንሽ መኪና፣ ቁልቁል የሚወረወር ባቡር። እማ ይሄን ሁሉ ከየት እንደሰማችው እንጃ፣ በሕይወቷ ከጎንደር አላለፈችም።

ዳኜ መጀመሪያ አልገባውም። ለኛ ለደባርቆች ፓርክ ማለት ስሜን ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት አ.አ ድረስ ምን ያስኬደናል አለ። ጠብመንጃ የያዘ የፓርክ ጥበቃ ስካውት አብሮን ይገባል ወይ ብሎም ጠየቀ። አዎ አልኩት፤ ትኬት የሚቆርጡትም ጭላዳዎች ናቸው፣ ጥሩ ሰላምታ ካልሰጠሃቸው የብርህን መልስ አይሰጡህም። እስከ ማታ አመነኝ። ሰላምታውን ሲለማመድ ደረስኩበት።

አባባ አይስቅም። ድሮ በበቅሎ የፈረንጅ ጓዝ ጭኖ ስሜን ተራራ ላይ እስከ ጊች ይወጣ ነበር። አሁን ፈረንጅ የለም። ቱሪስቷ በቅሎዋ ሆናለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ገደሉን ታያለች። ይሄን ስለው ትንሽ ፈገግ ይል ነበር። ዛሬ ፈገግም አላለ።

ጥር 17፣ ከሰዓት

ምናሉ ከጎንደር ሆስፒታል መጣ። የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ የዳኜ እኩያ። ቀኝ እጁ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁ አጭር ነው፣ አንጓው ላይ ያልቃል።

አንች ደብተር፣ ይሄን እስካሁን አልነገርኩሽም። ከጥምቀት በፊት ምናሉና ዳኜ ገብስ ማሳው ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር አገኙ። ጦርነቱ ትቶት የሄደ። ምናሉ ሲያነሳው ፈነዳ። ዳኜ ሽንቱን ሊሸና ከድንጋይ ካቡ ጀርባ ዞሮ ነበር። ካቡ ነው ያተረፈው። እማ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም፣ እሱ ሲወጣ እስከ መንገዱ ትከተለዋለች።

ልንጠይቀው ሄድን። ላስቀው አሰብኩ። ተውኩት። ዳኜ ጨርቁን ብቻ ያያል። ስንመለስ ጠየቀኝ፤ ፓርክ ያለው ባቡር ላይ በአንድ እጅ ብቻ መያዝ ይፈቀዳል ወይ?

ይፈቀዳል አልኩት። አላሾፍኩም። የማውቀው ነገር ግን የለም።

ጥር 20፣ ማታ 12 ሰዓት

ዛሬ ሳቅን! ለልምምድ የሊማሊሞን ገደላማ መንገድ ወረድን።

እንዲህ ነው። ዳኜ መኪና ሲሳፈር ያስመልሰዋል። ፓርክ ውስጥ የሚያስታውክ ሰው ባቡሩ ላይ አይወጣም ብዬዋለሁ። ስለዚህ ጋሼ ሰይድን ለመንኩት፣ የሰፈራችን የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ እህል ጭኖ በሊማሊሞ ወደ ታች የሚወርደው። ሁለት ሦስት ጥምዝ ብቻ አልኩት፣ ከዚያ በሚወጣ መኪና እንመለሳለን። ጋሼ ሰይድ ሳቀ። ‹‹አንች ልጅ፣ ሰው ሊማሊሞን ሲወርድ ይጸልያል፣ አንች መጫወቻ አደረግሽው?›› ግን ጫነን።

ጋቢና ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያው ጥምዝ ላይ ዳኜ ጮኸ። ሁለተኛው ላይ እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ ፓርክ ውስጥ እንደዚያ ነው የሚደረገው ስላልኩት። ሦስተኛው ላይ የበላውን ሁሉ ቀሚሴ ላይ መለሰው። ጋሼ ሰይድ መሪውን ይዞ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ‹‹ፈተናውን ወደቀ! በሚቀጥለው ዓመት ይመለስ!››

ገደሉ ሥር የተቃጠለ መኪና ተገልብጦ አለ። ዳኜ ቁጥር ሰጠው፤ የመጀመሪያው የፓርኩ መጫወቻ፣ ተበላሽቷል አለ። ይሄን እኔ አላስተማርኩትም። ኮራሁበት። ትንሽም ጨነቀኝ።

ጥር 23፣ ምሳ ሰዓት

ተመታሁ። ክንዴ አብጧል፣ በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌ የዶሮ ዱካ ነው።

እማ ለጉዞው የምታዘጋጀው ጓዝ አለ። የአክስቴ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የዳኜ አዲስ ሹራብ። ከሁሉም በላይ ነጭ ማር፣ አፉ በጨርቅ የታሰረ ጣሳ ውስጥ። ጨርቁን ፈታሁ። ሁለት ጣት ብቻ። ለዳኜም አንድ ጣት ልሰጠው ጠራሁት። እማ ከየት መጣች ሳልል የወጥ መማሰያው ክንዴ ላይ አረፈ።

እኔ ስንት ነገር አድርጌያለሁ። የአባባን ጫማዎች አንድ ላይ ሰፍቻለሁ። የቄሱ ዣንጥላ ውስጥ አፈር ሞልቻለሁ። እማ ትቆጣለች፣ ከዚያ ዞራ ትስቃለች። ዛሬ አልሳቀችም። ዳኜን ከጣሳው ገፋችው፣ እሳት ላይ የወጣ ይመስል። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

በማር?

ጥር 24፣ ጠዋት

ነገረችኝ። በቅሎዋን ውኃ ልናጠጣ ስንወርድ፣ ዳኜ በሌለበት።

አክስቴ ብርቄ አልወለደችም። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ልጅ ስጪኝ ትላት ነበር፣ እማ እምቢ ትል ነበር። ከምናሉ በኋላ እሺ አለች። አ.አ ስንደርስ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የአክስቴ ነፍስ አባትም ይኖራሉ። አክስቴ አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ትነክራለች። ዳኜ ይጠባዋል። አለቀ። የጡት ልጇ ይሆናል። ማሩ ከእናቱ ቤት መምጣት አለበት ተባለ፣ ፈቅዳ መስጠቷ እንዲታወቅ።

‹‹ከዚያ ወዲያ እናቱ እሷ ናት። አክስቱ እኔ ነኝ›› አለች እማ። እንደ ዋዛ ነው ያለችው፣ ስለ ገበያ እንደምታወራ።

ፓርኩስ አልኳት። ሕፃን እንዴት አድርጌ እዚያ ድረስ ልውሰደው አለች። እያለቀሰ? ት/ቤቱ ይከፈታል አልኳት። መቼ አለች። ‹‹እዚህ ቢቆይ ቀጣዩ እሱ ነው፣ ካብ ሁልጊዜ አይገኝም።››  ተናድጄባት ልቆይ ፈለግሁ፣ አልሆነልኝም። ልጓሙን ይዛ የበቅሎዋን ግንባር ታሻለች።

እኔስ ለምን እሄዳለሁ? ስመለስ ብቻዬን መንገዱን አልችለውም አለች። ለመመለሻዋ ነኝ።

ከዚያ ይሄን ጠየቀችኝ፤ ማሳቅ ታውቂበታለሽ፣ እስክንደርስ እያሳቅሽ አቆዪው።

አንች ደብተር፣ በሕይወቴ ለመዋሸት ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነው። ሁልጊዜ በነፃ ነበር የማደርገው።

ጥር 26፣ ማታ

መንገድ ተዘጋ። ከጎንደር ወዲያ ተኩስ አለ ይላሉ። አውቶቡስ በወታደር አጀብ ነው የሚሄደው፣ አጀቡ መቼ እንደሚነሳ አይታወቅም። እማ ሻንጣውን ትፈታለች፣ ታስራለች።

ዛሬ ለዳኜ ነገርኩት። አልቻልኩም። ካቡ ላይ ተቀምጠን ነበር። ፓርክ አይደለም የምንሄደው፣ አክስቴ ቤት ልንተውህ ነው፣ ከዚያ የሷ ልጅ ትሆናለህ አልኩት። እንደዚህ፣ ባንድ ትንፋሽ።

ሳቀ! ከካቡ ወደቀ። ሆዱን ይዞ ይንከባለላል። ‹‹ይሄኛው አያምርም›› አለኝ፣ ‹‹የጭላዳው ይሻል ነበር።›› እውነቴን ነው አልኩ። የባሰ ሳቀ። በቅዱስ ሚካኤል ብዬ ማልኩ። ባለፈው በጊዮርጊስ ምለሽ ዋሽተሻል አለኝ። ልክ ነው።

እራት ላይ ደግሞ ለእማ ነገራት። አፉ በእንጀራ ሞልቶ፣ እየተንከተከተ፤ እማ ስሚ፣ ይቺ ቀጣፊ ለአክስቴ ልትሰጭኝ ነው ትለኛለች!

እማ ሳቀች።

ድምፅ አውጥታ ነው የሳቀችው። ‹‹ኧረ እሷ ምን የማትለው አለ›› አለች። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነበር። አባባ ተነስቶ በቅሎዋን ሊያይ ወጣ። በቅሎዋ ምንም አልሆነችም።

ጥር 29፣ ከሰዓት 9 ሰዓት

ማሾፍ ትቻለሁ። አስቤበት አይደለም። አይመጣልኝም።

ዳኜ ግራ ገብቶታል። ትናንት ሻዬ ውስጥ ጨው ጨመረበት። ጠጣሁት፣ ምንም አላልኩ። ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ደበቀው። በባዶ እግሬ ሄድኩ። ከኋላዬ ጫማዬን ይዞ እየሮጠ መጣ፣ ራሱ አጎንብሶ አደረገልኝ።

አሁን ካቡ ላይ ነበርን። ታመምሽ ወይ አለኝ። አልታመምኩም። ተጣላን? አልተጣላንም። ‹‹ታዲያ ለምን አታሾፊብኝም?››

አየሁት። 

ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ‹‹የዚያን ቀን ያልሽው...›› አለ። አዎ ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ሣር መንቀል ጀመረ። ይነቅላል፣ ይጥላል፣ ይነቅላል። አለቀሰ ልልሽ እችል ነበር፣ አላለቀሰም። አክስቴ ዘንድ ሽንት ቤቱ ቤት ውስጥ ነው የሚሉት እውነት ነው ወይ አለ። እውነት ነው። ውሻ አላቸው? እንጃ። እናንተ ትመጣላችሁ? እንመጣለን፣ መንገዱ ሲከፈት። እሱም መንገዱን ያውቀዋል፣ ሲከፈትና ሲዘጋ እያየ ያደገ ልጅ ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ወደ ገብስ ማሳው አየና ዓይኑን መለሰ።

ከዚያ፤ ‹‹ፓርኩስ? እሱም ውሸት ነው?››

አንች ደብተር፣ ይሄ ነው የገደለኝ። ስለ እማ ሳይሆን ስለ ጎማው ሲጠይቅ ነው ድምፁ የተሰበረው። አላውቅም አልኩት። እጠይቃለሁ አልኩት። ለእማ እንዳወቀ አትንገሪ አለኝ። ለምን? ‹‹ታለቅሳለች።››

የካቲት 2፣ ጠዋት 4 ሰዓት

አጀቡ ነገ ይነሳል ተባለ።

እማን ጠየቅኋት። ፓርክ መሄድ የሚባል ነገር የለም። የአክስቴ ባል መናኸሪያው ድረስ መጥቶ ይቀበለናል። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተጠርተዋል። ከዚያ ወዲያው በሚመለሰው አጀብ እኛ እንመለሳለን፣ ብንዘገይ መንገዱ ይዘጋብናል። አክስትሽ አንድ ቀን ትወስደዋለች አለች እማ። አንድ ቀን። ት/ቤታችንም አንድ ቀን ይከፈታል።

ለመንኳት። ሌላው ሁሉ እንዳልሽው ይሁን፣ ይሄ ብቻ እውነት ይሁንለት። ግማሽ ቀን። ከዚያ ይጥባ። አታስቸግሪኝ አለች፤ ያን ከተማ ማን ያውቀዋል፣ ሰውየው ቆሞ እየጠበቀ፣ ምን ብዬ? ደግሞ ጎማው ላይ ሆኖ ሲስቅ ካየሁት አልሰጠውም አለች። ይሄን ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

ወጣሁ። ዳኜ በሩ ላይ ነበር። ሰምቷል መሰለኝ። እየተንጠለጠለ አልነበረም፣ ጉበኑን ደግፎ ቆሟል።

የካቲት 3፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ደባርቅ መናኸሪያ

ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው፣ ሚኒባሱ ውስጥ። እስከ ጎንደር በዚህ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ብርድ ነው። አባባ ጓዛችንን ጣሪያ ላይ አስጫነ። ዳኜን አንስቶ በመስኮት አስገባው፣ በር እያለ። ረዳቱን መስኮቱ በደንብ ይዘጋል ወይ ብሎ ጠየቀው፣ ቆይቶ ደግሞ ጠየቀው። ረዳቱ ‹‹አባቴ፣ ይዘጋል አልኩ እኮ!›› አለ። አባባ ራሱ ዘጋው። ከውጭ መስታወቱ ላይ መዳፉን አድርጎ ቆሟል፣ አሁንም።

እማ ጣሳውን ታቅፋለች። ላስቀምጥልሽ ብላት እምቢ አለች። ወደ ፊት ብቻ ነው የምታየው።

ወሰንኩ።

አ.አ ስንደርስ፣ አውቶቡሱ ሳይቆም በሩ ጋ እንቆማለን። ሲቆም የዳኜን እጅ ይዤ እወርዳለሁ። የአክስቴ ባል በሌላው በኩል ሲፈልገን እኛ የለንም። መንገዱን አላውቅም። እጠይቃለሁ። ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። እማ ትጮሃለች፣ ትጩህ፣ ወይ ትከተለን፣ ብትከተለን ይሻላል። ጎማው ላይ ይወጣል። ቁመቱ አልደረሰም ካሉ እዚያው በር ላይ እቀመጣለሁ፣ ተሸክመው ያውጡኝ። ከወረደ በኋላ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ አክስቴ ቤት። አላስቀረውም። እዚህ እንዲቀር አልፈልግም፣ ይሄን ለማንም አልናገርም፣ ላንች ብቻ።

በጆሮው ነገርኩት አሁን። እማ አልሰማችም። ዞሮ ፊቴን ያየኛል። ዓይኔን፣ ከዚያ አፌን፣ ጥግ ጥጉን፣ ሳቅ ሲመጣ የሚጀምርበትን ቦታ ያውቀዋል። ብዙ አየኝ።

ከዚያ ጎንበስ አለ። የጫማውን ክር ፈታ፣ እንደገና አጥብቆ እያሰረ ነው፣ መጀመሪያ የቀኙን፣ አሁን የግራውን።