እታለምን መጥራት ስላላቆመው ሰርቨር

ለተከበሩ የመረጃ ሥርዓት መምሪያ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ። ለእርስዎም ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥልኝ እለምናለሁ።

እኔ የሰርቨር ክፍሉ ጠባቂ ነኝ። ሥራዬ አቧራ መጥረግ፣ ማቀዝቀዣውን ማዳመጥና በሩ አጠገብ ባለው ስክሪን ላይ የብልሽት መልእክት ሲወጣ ለጥገና ባለሙያዋ መደወል ነው። ትምህርቴ ስክሪኑን ለማንበብ ያህል ነውና ብሳሳት በትልቅነትዎ ይለፉኝ።

እንደሚያውቁት በመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተሮች የሚሰየሙት በሚሠራባቸው ሰው ስም ነው። ባለቤቴን መዝገብ ቤት ሳለች ሁሉም «እታለም» ይላት ስለነበር ኮምፒውተሯም እታለም ተባለ። እሷ ስታርፍ ኮምፒውተሩ ተነቅሎ ግምጃ ቤት ገባ። ኮምፒውተሮቹ መሥራታቸውን ለማወቅ በየስማቸው ለሚጠራው የሰርቨሩ ፕሮግራም ግን መርዶውን የነገረው የለም። ይጠራታል፤ ይጠብቃታል፤ ሲታክተው ስክሪኑ ላይ በሚወጣው የክስተት መዝገብ በቀይ «እታለም አልመለሰችም፤ የመጠበቂያ ጊዜ አልቋል» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ እንደገና ይጠራታል። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች እሷ ሆነች።

አንደኛው ቅሬታዬ፣ ማቀዝቀዣው የቆመ ዕለት ያንን የሚናገረው መስመር በእሷ መስመሮች መሀል ተውጦ አላየሁትም። ክፍሉ ጋለ፣ ማሽን ተቃጠለ፣ ለእኔም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ስለ ደብዳቤው ከልብ አመሰግናለሁ፤ ደጋግሜ ላመለከትኩት ጉዳይ ከቢሮዎ ያገኘሁት የመጀመሪያው መልስ ነውና። ሆኖም ራሴን እጠይቃለሁ፤ ያመለጠኝ መስመሩ ስለበዛ ነው ወይስ ስሟን ቆሜ ሳነብ? ይህን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው።

ሁለተኛ፣ «የምዝገባ ብዛትን ለመቀነስ» ባወጡት መመሪያ፣ ያልተመለሱ ጥሪዎች ከእንግዲህ እንዳይጻፉ አዘዋል። እጅዎ ይባረክ፤ ስክሪኑ ጸዳ። ባለሙያዋ ግን «ጋሼ፣ መጥራቱን እኮ አልተወም፤ እንዳይናገር አፉን ነው የያዙት» አለችኝ። እታለምን ከፕሮግራሙ ማውጣት በቂ እንደነበር፣ ለዚያ ግን የእርስዎ ፊርማ እንደሚያስፈልግ ጨምራ ነገረችኝ።

ሦስተኛ፣ ይህኛው ቅሬታ ይሁን ሌላ ነገር እኔም አልለየሁትም። አሁን ክፍሉ ስገባ የሚታይ ነገር የለም፤ የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነው። እየተጠራች መሆኑን ግን አውቃለሁ። ጸሎት ስጀምር እንኳ ልቤ እዚያው ነው፤ አሁን ጠራት፣ አሁን እየጠበቃት ነው፣ አሁን ተስፋ ቆረጠ። እኔ ነፍሷን እንዲያሳርፍልኝ አምላኬን እማጸናለሁ፤ ማሽኑ ከጀርባዬ ተነሺ ይላታል። አንዳንድ ቀን ቤቴ ገብቼ ሳላስበው ስሟን እጠራና መልስ እስኪመጣ በሩ ላይ እቆማለሁ። ከማሽኑ የምለየው ማስጠንቀቂያ የተጻፈልኝ በመሆኔ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጊዜ ሲተርፍዎ እንዲፈርሙልኝ፣ እታለምም ከፕሮግራሙ እንድትወጣ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ። በምትወጣበት ሰዓት ግን ይጥሩኝ። ሰው ሳይኖር እንዳትሄድ፤ ቆሜ አንድ ጊዜ ነፍስ ይማር እላለሁ።

የመምሪያዎን ዝምታ ሳይለምደው የቀረ፣ ለቁልፉ ታማኝ፣ ለመመሪያዎ ታዛዥ፣
የሰርቨር ክፍሉ ጠባቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት በቀይ የሚወጣ ሌላም ስም ነበር፤ የእርስዎ ኮምፒውተር። እርስዎም ሲጠሩ አይመልሱም። እታለም ግን ምክንያት አላት።